ከኅትመት በፊት ማሳወቅ፣ ከናሙና በፊት መዋዋል፦ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ስምምነቶች ለዜጎች ያላቸው ትርጉም

የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተልእኳቸው የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲዎች ተብለው ተለይተዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀዳሚ ሆኖ ወደ ራስ ገዝነት ተሸጋግሯል። ሁለቱ ለውጦች የጋራ ውጤት አላቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንዱስትሪና ከውጭ ተቋማት ጋር በጋራ እንዲመራመሩ፣ ከመንግሥት በጀት ውጭም ገቢ እንዲያፈላልጉ ይበልጥ ይጠበቅባቸዋል። በመሆኑም ከቀድሞው የበዙ የምርምር ስምምነቶች ይፈረማሉ፤ የዘር፣ የዕፅዋት፣ የአፈርና የደም ናሙናዎች ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ሙከራ ይተላለፋሉ፤ የምርምር ውጤቶችም በመጽሔትና በጉባኤ ይፋ ይሆናሉ።

ጉዳዩ መምህራንንና የሕግ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከማሳው የዘር ናሙና የሰጠ አርሶ አደር፣ የመድኃኒት ዕፅዋትን አዘገጃጀት ለተመራማሪ ያስረዳ የባህል ሐኪም፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመከላከል የተዘጋጀ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የሠራውን ማሽን በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ለማስፈተሽ የመጣ የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት፣ ሁሉም ባንድ ወይም በሌላ መንገድ የምርምር ስምምነት ተካፋዮች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ተካፋይ መሆናቸውን የሚረዱት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ትንታኔ በአንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ሁለት የታወቁ የአገራችን ጉዳዮች እንደሚያሳዩት፣ መብት የሚላላው ተመራማሪው ባለመድከሙ ሳይሆን ሰነዶች ቅደም ተከተላቸውን በመሳታቸው ነው። መቅደም የነበረበት ማሳወቂያ ከኅትመት በኋላ ሲመጣ፣ መቅደም የነበረበት ውል ከናሙናው በኋላ ሲፈረም፣ የቀረውን ክፍተት ምንም ያህል የተማረ የሕግ ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ሊደፍነው አይችልም።

የእንዶድ ጉዳይ፦ ፈልሳፊነትና ባለቤትነት ይለያያሉ

እንዶድ ለዘመናት የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ያገለገለ የአገራችን ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ባደረጉት የመስክ ጥናት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች በመሆናቸው ግኝቱ ለሕዝብ ጤና ትልቅ ትርጉም ነበረው። ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ምርምሩን ለብዙ ዓመታት አካሄደ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

የጉዳዩ ሁለተኛ ምዕራፍ የተከፈተው በአሜሪካ ነበር። በዚያው ዘመን ዚብራ መስል የተባለ ቅርፊት ለበስ የውኃ እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተዛምቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉ ከተቋሙ ተመራማሪዎች ጋር ባደረጉት ሙከራ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ። ለዚህ አጠቃቀም የተጠየቀው የአሜሪካ ፓተንት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1993 ተሰጠ። በሰነዱ ላይ የዶክተር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ ሰፍሯል፤ የመብቱ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እዚህ ላይ ማንኛውም ተመራማሪ ሊገነዘበው የሚገባ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ፈልሳፊ ማለት ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ነው፤ ባለቤት ማለት ደግሞ መብቱን የመሸጥ፣ የማከራየትና ሌሎችን የመከልከል ሥልጣን በሕግ የተሰጠው አካል ነው። ስም በሰነድ ላይ መስፈሩ ክብር ነው፤ ገቢ ለማግኘትና ለመወሰን ግን የባለቤትነት ዓምድ ላይ የተጻፈውን ማየት ያስፈልጋል። ተክሉን በባህል ሲጠቀሙበት የኖሩት ማኅበረሰቦች ደግሞ በሁለቱም ዓምድ አልተጠቀሱም። አገሮች በሥነ ሕይወታዊ ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ያረጋገጠው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው ፓተንቱ ከተሰጠ ከሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ነበር።

የጤፍ ስምምነት፦ ውል የተፈረመው ማመልከቻ ከገባ በኋላ ነው

ከአሥር ዓመት በኋላ የተከሰተው የጤፍ ጉዳይ ሌላ ገጽታ አለው። በዚህ ጊዜ አገራችን የስምምነቱ አባል ነበረች፤ ውልም ተፈርሟል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 በዚያን ጊዜ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት ይባሉ የነበሩት ሁለት ተቋማት፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ጄኔቲክ ሀብት ስለማግኘትና ጥቅሙን ስለመጋራት ተዋዋሉ። ውሉ በወረቀት ላይ ጠንካራ ነበር። ኩባንያው በጤፍ ጄኔቲክ ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ እንደ እንጀራና ጠላ ያሉ ባህላዊ ውጤቶችንም ከፈቃዱ ውጭ ያደርጋል። ከኩባንያው የተጣራ ትርፍ 5 በመቶ፣ ቢያንስ ግን በዓመት 20,000 ዩሮ፣ ለጤፍ ምርምርና ልማት በሚቋቋም ፈንድ እንዲገባም ይደነግጋል።

የቀኖቹን ቅደም ተከተል ስንመለከት ግን ሌላ ሥዕል ይታያል። ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻው በኔዘርላንድስ የገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር፤ ውሉ የተፈረመው በ2005 ነው፤ የአውሮፓ ፓተንት የተሰጠው ደግሞ በጃንዋሪ 2007 ነው። ውሉ ስለ ጄኔቲክ ሀብቱ ሲደነግግ፣ ፓተንቱ ስለ ዱቄቱና ስለ አዘገጃጀቱ ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ሲጓዙ እርስ በርስ ሳይነካኩ ቀሩ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ኪሣራ ታወጀበት፤ በውሉ መሠረት ለአገራችን የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 4,000 ዩሮ ብቻ ሆነ። ፓተንቱ ግን ከኪሣራው በኋላ በሌላ ኩባንያ እጅ ቀጠለ፤ ውሉ ይህን አዲስ ባለቤት አያስገድድም ነበር።

ፓተንቱን በመጨረሻ ያፈረሰው የአገራችን ክስ አልነበረም። የፓተንቱ ባለቤት አንሽንትግሬን የተባለው ኩባንያ ከጤፍ የተዘጋጀ ምርት የሚሸጥ ባኬልስ የተባለ ሌላ ኩባንያን ከሰሰ፤ ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ሊሰጥ የማይገባው ነበር ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ በፓተንቱ የተገለጸው አዘገጃጀት ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ በመሆኑ የፈጠራ ብቃት የለውም በማለት በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ውሳኔው በኔዘርላንድስ ውስጥ ብቻ የሚጸና ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ ከናሙናው ዝውውርና ከፓተንት ማመልከቻው በፊት ያልተፈረመ ውል የቱንም ያህል ቃሉ ቢያምር ጥበቃው ሳሳ ያለ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ አስቀድሞ የታወቀና በጽሑፍ የሰፈረ ዕውቀት ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ እንዳይወስደው ጋሻ ሆኖ ያገለግላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ጥያቄው ምን ይጻፍ ብቻ ሳይሆን መቼና በማን ስም ይጻፍ የሚለውም ነው።

ሕጉ ለማን ምን ይሰጣል?

በአገራችን ስለ ፈጠራ ባለቤትነት ዋናው ሕግ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ በተቀጣሪና በአሠሪ መካከል ያለውን ሁኔታ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛ፣ ፈጠራን ለማስገኘት ተብሎ በተገባ የሥራ ወይም የአገልግሎት ውል የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም የሥራ አዛዡ ነው። ሁለተኛ፣ ከሥራ ውሉ ጋር ግንኙነት ሳይኖረውና የአሠሪውን ሀብት፣ መረጃ ወይም መሣሪያ ሳይጠቀም የተሠራ ፈጠራ የሠራተኛው ነው። ሦስተኛ፣ የሠራተኛው ግላዊ አስተዋፅኦና የአሠሪው ሀብት ተጣምረው ያስገኙት ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በእኩል ድርሻ የጋራ ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ አለመግባባት የሚነሣው በዚህ ሦስተኛ መደብ ነው፤ መምህሩ ሐሳቡ የእኔ ነው ሲል፣ ተቋሙ ቤተ ሙከራው የእኔ ነው ይላል። ሕጉ ሁለቱንም ያዳምጣል።

የተማሪው ሁኔታ ለብቻው መታየት አለበት። ድንጋጌው የተጻፈው ስለ ተቀጣሪና በውል ሥራ ስለ ተሰጠው ሰው በመሆኑ፣ ደመወዝ የማይከፈለው ተማሪ መብት በአብዛኛው የሚወሰነው በዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግና የአእምሯዊ ንብረት ፖሊሲ፣ እንዲሁም ተማሪው ምርምሩን ሲጀምር በሚፈርመው ሰነድ ነው። ስለዚህ ተማሪው በምዝገባ ወይም በፕሮጀክት መጀመሪያ የሚቀርብለትን ቅጽ ሳያነብ መፈረም አይኖርበትም።

የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማስተማሪያ መጽሐፍና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃሉ። ይህ ጥበቃ ያለ ምዝገባ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተገለጸን አዲስ የውኃ ማጣሪያ ዘዴ ማንም ቃል በቃል ሊገለብጠው አይችልም፤ ዘዴውን ግን ሠርቶ ሊሸጠው ይችላል። ዘዴው እንዲጠበቅ የፓተንት ወይም የአነስተኛ ፈጠራ ማመልከቻ ያስፈልጋል። አዲስ የዕፅዋት ዝርያ በፓተንት ሕጋችን ስለማይሸፈን የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068/2010 ይመለከተዋል።

የጄኔቲክ ሀብትን በተመለከተ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ሲሆን፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤትነት ደግሞ የሚመለከተው ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህም ተክሉን ለመውሰድ የተሰጠ ፈቃድ ስለ ተክሉ ያለውን ዕውቀት ለመውሰድ የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ አይቆጠርም። የአርካቦት ፈቃድ የሚሰጠው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ፈቃድ የተሰጠው ሰው ባገኘው የጄኔቲክ ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት መጠየቅ ከፈለገ ከኢንስቲትዩቱ ጋር አዲስ ስምምነት መደራደር ይኖርበታል። መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብቱ አጠቃቀም በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ 50 በመቶ የማኅበረሰቦቹ እንዲሆንም አዋጁ ይደነግጋል።

ማሳወቅ ለምን ይቀድማል?

በዩኒቨርሲቲ አሠራር የፈጠራ ማሳወቂያ የሚባለው ተመራማሪው አዲስ ውጤት ሲያገኝ ለተቋሙ የምርምር ወይም የቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል በምስጢር የሚያቀርበው ጽሑፍ ነው። ማሳወቂያው የፓተንት ማመልከቻ አይደለም፤ በራሱም መብት አይሰጥም። ተግባሩ ተቋሙ በጊዜ እንዲወስን ማስቻል ነው። ስለዚህ ጥሩ ማሳወቂያ ጥቂት ግልጽ ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ውጤቱ ምን ችግር ይፈታል? ከነባሩ በምን ይለያል? እነማን በሐሳብ ተሳተፉ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ናሙናው፣ ዘሩ ወይም ዕውቀቱ ከማን ተገኘ? እስካሁን ለማን ተነገረ? በቅርቡስ የት ይቀርባል?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉም ይከብዳሉ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ፈጠራ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አዲስነት የሚለካው በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ይፋ ከሆነው ሁሉ ጋር ነው፤ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃል ወይም በአጠቃቀም ይፋ የሆነም ይቆጠራል። ሕጋችን ለፈልሳፊው የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፤ ፈልሳፊው ራሱ ይፋ ካደረገው 12 ወር ሳያልፍ ካመለከተ አዲስነቱ አይጓደልበትም። የአሜሪካ ሕግም የአንድ ዓመት እፎይታ ይሰጣል። የአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ እፎይታ የለውም። በአንድ ጉባኤ ላይ የቀረበ ፖስተር፣ በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር የተጫነ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ አዳራሽ የተደረገ የመከላከያ ገለጻ በአውሮፓ የፓተንት ዕድልን ሊዘጉ ይችላሉ።

ይህ ማለት ተመራማሪው ማሳተም የለበትም ማለት አይደለም። የመምህራን የማዕረግ ዕድገት በአብዛኛው በኅትመት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ አትሙ ወይም ተዉ የሚል ምርጫ ማቅረብ ፍትሐዊም ጠቃሚም አይሆንም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በፓተንት ሕግ ወሳኙ ማመልከቻው የገባበት ቀን እንጂ ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን አይደለም፤ ማመልከቻው በገባ ማግስት ጽሑፉን ለመጽሔት መላክ ይቻላል። የሚጠየቀው መዘግየት የማሳወቂያውንና የማመልከቻውን ዝግጅት ጊዜ ያህል ነው። ለዚህም ተቋሙ ማሳወቂያው በቀረበለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመልስ በፖሊሲው ራሱን መገደብ አለበት፤ መልስ የማይሰጥ ቢሮ ያለበት ማሳወቂያ ተመራማሪውን በኅትመቱም በመብቱም ይጎዳዋል።

በተቃራኒውም ሊታሰብ ይገባል። ለገበያ የማይሆን፣ ነገር ግን ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚፈለግ ውጤት ካለ፣ በቀኑና በዝርዝር መግለጫው ማሳተም ራሱ ጥበቃ ነው። ወሳኙ ነገር ይህ የሚሆነው ታስቦበት እንጂ በዘፈቀደ መሆን የለበትም የሚለው ነው።

ስምምነት ሲቀርብ ምን ይታያል?

የምርምር ስምምነቶች በስማቸው ብዙ ናቸው። የመግባቢያ ሰነድ ፍላጎትን የሚገልጽ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝር ግዴታ አይጥልም። የምርምር ስምምነት ሥራውን፣ ገንዘቡንና የውጤቱን ባለቤትነት ይወስናል። የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት የተላከው ናሙና ለምን እንደሚውልና ለሦስተኛ ወገን ይተላለፍ እንደሆነ ይገልጻል። የምስጢር መጠበቂያ ስምምነት ደግሞ ከውይይት በፊት የሚፈረም ነው። በብዙ አጋጣሚ ስህተት የሚፈጠረው በመግባቢያ ሰነድ ብቻ ተማምኖ ናሙና ሲላክ ነው።

ቀዳሚው ጥያቄ ማን ይፈርማል የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም በመሆኑ በስሙ የሚዋዋለው በሕግ ወይም በውክልና ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ ነው። አንድ መምህር ከውጭ አጋር ጋር በኢሜይል የተለዋወጠው መልእክት ዩኒቨርሲቲውን ላያስገድድ ይችላል፤ መምህሩን ራሱን ግን በግል ኃላፊነት ውስጥ ሊከተው ይችላል። ስለዚህ አጋር የሆነ ድርጅትም ሆነ ግለሰብ የፈራሚውን ሥልጣን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄውም እንደ አለመተማመን ሊቆጠር አይገባም።

ሁለተኛው፣ ወደ ፕሮጀክቱ ይዞ የሚገባው ዕውቀትና በፕሮጀክቱ የሚገኘው አዲስ ውጤት በግልጽ መለየት አለባቸው። ሁለቱ ካልተለዩ አንዱ ወገን ለዓመታት ያከማቸው መረጃ በአንድ ዓመት ፕሮጀክት ስም ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ሦስተኛው፣ ኩባንያው ቢሸጥ፣ ቢከፋፈል ወይም ቢከስር ግዴታው ወደ ማን ይተላለፋል የሚለው አንቀጽ ነው፤ የጤፍ ጉዳይ ይህ አንቀጽ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳይቷል። አራተኛው፣ ስምምነቱ ስለ ናሙናው ብቻ ሳይሆን ከናሙናው ስለሚገኙ ምርቶችና ዘዴዎችም መናገር አለበት። አምስተኛው፣ አለመግባባት ሲፈጠር በየትኛው አገር ሕግና ዳኝነት እንደሚታይ፣ የዚያስ ወጪ በማን አቅም እንደሚሸፈን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

ምርምሩ የሰው ደም፣ ሕብረ ሕዋስ ወይም የሕክምና መረጃ የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ግምገማ ከስምምነቱ ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የተሳታፊዎች መረጃ አያያዝ በውሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ስፍራ ይፈልጋል።

ዕውቀትና ናሙና ለሚሰጡ ዜጎች

የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ጥናት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደ የመመረቂያ ርዕስ ነው። ተማሪው ወደ ገጠር ወርዶ አዋቂዎችን ይጠይቃል፤ የተክሉን ስም፣ የሚወሰደውን ክፍል፣ አዘገጃጀቱንና የሚያክመውን በሽታ በሠንጠረዥ ያሰፍራል። ሥራው ዕውቀቱን ከመጥፋት ያድናል፤ ሌላ ሰው የእኔ ፈጠራ ነው እንዳይልም ማስረጃ ይሆናል። ነገር ግን ሠንጠረዡ ይፋ በሆነ ዕለት የአዋቂው ምስጢር ምስጢርነቱን ያጣል፤ ሊመለስም አይችልም። ስለዚህ ውሳኔው የተማሪው ብቻ ሊሆን አይገባም። ዕውቀቱን የሰጠው ሰውና ማኅበረሰብ ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? አዘገጃጀቱ በዝርዝር ይታተም ወይስ የተክሉ ስም ብቻ ይበቃል? ውጤቱ ወደ ምርት ቢያድግ ተመልሶ የሚነገራቸው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች መጠየቅ ያለባቸው ማስታወሻው ከመከፈቱ በፊት፣ በሚረዱት ቋንቋ ነው።

የራሱን ፈጠራ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለፍተሻ የሚመጣ ባለሙያም ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ፈጠራውን እስከዚያ ቀን ባለበት ሁኔታ ከነሥዕሉ በጽሑፍ አስፍሮ ቀን ይስጠው፤ ፍተሻው አገልግሎት እንጂ የጋራ ምርምር አለመሆኑን የሚገልጽ ስምምነትም ይጠይቅ። የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ በፍተሻው ወቅት ፈጠራውን በሐሳብ ካሻሻለው ግን ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል መገንዘብ ይገባል፤ ይህም አስቀድሞ ቢነጋገሩበት ጠብ አይሆንም።

አዲሱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ምን ይለውጣል?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች በጄኔቫ ስለ አእምሯዊ ንብረት፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ተያያዥ ባህላዊ ዕውቀት አንድ ስምምነት ተቀብለዋል። ስምምነቱ በሥራ ላይ የሚውለው 15 ወገኖች ካጸደቁት ወይም ከተቀላቀሉት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ፍሬ ነገሩ በጄኔቲክ ሀብት ላይ የተመሠረተ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ሀብቱ የተገኘበትን አገር፣ በባህላዊ ዕውቀት ላይ ከተመሠረተም ዕውቀቱን የሰጠውን ማኅበረሰብ እንዲገልጽ ማስገደዱ ነው።

ተስፋው ግን በልኩ መያዝ አለበት። ስምምነቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ባለማሳወቅ ብቻ ፓተንት እንዲሰረዝም በመርህ ደረጃ አይፈቅድም፤ የማታለል ሐሳብ ሲኖር ለየት ያለ ውጤት ሊከተል ይችላል። ከሁሉም በላይ አመልካቹ ምንጩን እንዲገልጽ የሚያስገድደው ሕግ ጥቅም የሚሰጠው ምንጩ ቀድሞ በሰነድ የታወቀ ሲሆን ነው። ናሙናው መቼ፣ ከየት፣ በማን ፈቃድ እንደተወሰደ የሚያሳይ መዝገብ የሌለው ዩኒቨርሲቲ በጄኔቫ የተገኘውን መብት በእጁ ሊይዘው አይችልም።

በቅደም ተከተል

ለማጠቃለል፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር በምርምር የሚገናኝ ማንኛውም ዜጋ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢጠብቅ ብዙ ጉዳት አስቀድሞ ይቀራል።

1. ውይይት ከመጀመሩ በፊት ምስጢር የሚጠበቅበት ነገር ካለ የምስጢር መጠበቂያ ስምምነት ይፈረም።
2. የጄኔቲክ ሀብት ወይም የማኅበረሰብ ዕውቀት ካለበት የአርካቦት ፈቃድ ጥያቄ ለብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይቅረብ።
3. ናሙና ከመላኩ በፊት ሥልጣን ባለው ኃላፊ የተፈረመ የናሙና ማስተላለፊያና የምርምር ስምምነት በእጅ ይኑር።
4. ውጤት ሲገኝ ከጉባኤ፣ ከመከላከያ ገለጻና ከኅትመት በፊት ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ክፍል ማሳወቂያ ይቅረብ።
5. ጥበቃ የሚያስፈልገው ከሆነ ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይግባ፤ ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይታተም።
6. የሁሉም ሰነድ ቅጂ፣ ቀኑና ፊርማው የሚታይ ሆኖ፣ በተመራማሪው፣ በተቋሙና ዕውቀቱን በሰጠው ወገን እጅ ይቀመጥ።

እንዶድና ጤፍ በአገራችን ስም የታወቁት ሕዝቡ ለዘመናት ሲጠቀምባቸውና ሲንከባከባቸው በመኖሩ ነው። ቀጣዩ ተክል፣ ቀጣዩ ዘዴ ወይም ቀጣዩ ማሽን ዛሬ በአንድ ተማሪ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ሊኖር ይችላል። የማን ሆኖ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ማስታወሻው ወደ ይፋ ገጽ ከመሸጋገሩ በፊት በሚሞላው ቅጽና በሚፈረመው ውል ላይ ነው።